ከታች ነው የሚሸተው

ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐሙስ ነበር። እማዬ የሚካኤልን ዕለት ያለ ቡና አሳልፋው አታውቅም። ጎረቤቶቿም ይህን ስለሚያውቁ ጥሪ አይጠብቁም፤ አሥር ሰዓት ሲል ነጠላቸውን አጣፍተው ከች ይላሉ። እኔም ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ፣ ሁለት ሊትር ወተት ገዝቼ፣ ለስድስት ሰው ማኪያቶ ልሠራ የኤስፕሬሶ ማሽኗ ፊት ቆሜአለሁ። የመጀመሪያው ሲኒ በዕድሜ ለሚበልጡት ጎረቤታችን ደረሰ። ሁለተኛውም ደረሰ። ሦስተኛው ላይ፣ ቡናው እንደ ማር ክር ቀጥኖ መውረድ ሲጀምር፣ ማሽኗ ጸጥ አለች። ድምጿም መብራቷም የለም። ክሩ ወደ ጠብታ ተለወጠ፤ ጠብታውም ቆመ። የሳሎኑ አምፖል ግን እንደበራ ነው፤ ፍሪጁም ማጉረምረሙን አልተወም።

ማብሪያዋን ተጫንኩ፣ ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ምንም የለም። ከሴቶቹ አንዷ «ተወው ልጄ፣ ጀበናው ይምጣና እኛው እናፍላው» አሉ። እማዬ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ አየሩን ሳብ አደረገችና «የሆነ ነገር ይሸታል። የተቃጠለ» አለችኝ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ነበር። «ዛሬ እኮ ኅዳር ሲታጠን ነው እማዬ፤ ከተማው በሙሉ ነው የሚሸተው» አልኳት። ውሸት አልነበረም። ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጨስ በየሰፈሩ የቆየ ልማድ ነው፤ የዚያን ዕለትም ከአጥራችን ማዶ ልጆች ቅጠልና ካርቶን ከምረው ያጨሱ ነበር። እማዬ «እንጃ» ብላ ተወችው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማሽኗ ራሷ ተመለሰች። እንግዶቹ ግን ሄደዋል። ብዙ ነገር ከዚያ በኋላ መጣ፤ እስካሁን የሚከነክነኝ ግን ያ መልሴ ነው።

ማሽኗ እንዴት መጣች

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ያፈላችው በከሰል ነው። ጀበናው ሲንተከተክ ድምፁን ሰምታ፣ ጓዳ ሆና እንኳ፣ «አንሱት፣ ሊገነፍል ነው» የምትል ሰው ናት። ሳሏ አላላውስ ሲላት ሐኪሙ ሳንባዋን አይቶ የከሰል ጭስ አቁሚ አላት። በኤሌክትሪክ ምድጃ ሞከርን። ጀበናውን ጥዳ አጠገቡ ትቀመጥና «ይሄ ቡና አይደለም፣ የፈላ ውሃ ነው» ትላለች። ከዚያ ቀስ በቀስ ማፍላቱንም ተወችው። ቡና የማይፈላበት ቤት እንዴት ዝም እንደሚል ያኔ አወቅኩ። ጎረቤትም በመጣ ቁጥር ለስላሳ ይቀርብለትና ቶሎ ይሄዳል።

እማዬ ደግሞ ማኪያቶ ትወዳለች። በወጣትነቷ ፒያሳ ስትወጣ፣ በፈረንጆቹ 1953 የተከፈተው ቶሞካ ገብታ ቆማ እንደምትጠጣ ስታወራ ፊቷ ይፈካል። ይህን የምታውቀው፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴ ለመስቀል ስትመጣ አንድ የቤት ውስጥ ኤስፕሬሶ ማሽን በልብስ ጠቅልላ፣ ግማሹን ሻንጣዋን ለሱ ሰጥታ አመጣችላት። ጭስ የለው፣ አመድ የለው። የመጀመሪያውን ማኪያቶ የቀመሰች ዕለት እማዬ ሲኒውን ካፏ ሳታርቅ «ልክ እንደዚያ» ነው ያለችው።

ከሥሯ የተለጠፈባት ጽሑፍ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 1250 ዋት ይላል። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አሜሪካ ዘመድ ያለው ቤት ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ከባድ ሳጥን አለው፤ እኔም 2000 ዋት የተጻፈበት ትራንስፎርመር ገዛሁ። 1250 ከ2000 ያንሳል፤ ሒሳቡ አለቀ ብዬ አመንኩ። ሳጥኑ ለዓይን አያምርም። ጠረጴዛው ሥር፣ ከግድግዳው አስጠግቼ አስቀመጥኩት፣ ከፍሪጁ ጋር በአንድ ዲቫይደር ሰካሁት፣ በላዩ ላይ የእማዬን ጥልፍ ጨርቅ ጣል አደረግኩበት። ያለበስኩት እኔ ነኝ።

ያልጠረጠርኩት ነገር የለም

መጀመሪያ የጠረጠርኩት መብራት ኃይልን ነው። የማይጠረጥር ማን አለ? ቴስተር ተውሼ ሁለት ማታ በተከታታይ ሶኬቱን ለካሁት፤ 200 ድረስ ሲወርድ አይቻለሁ። ነገር ግን መብራቱ ቢያንስ ሁሉም ነገር ነው ደብዘዝ የሚለው። አንዷ ማሽን ብቻዋን አትጠፋም።

እህቴ በስልክ ሌላ ነገር ነገረችኝ። «ራሷን የምታጠፋበት ሰዓት እኮ አላት፣ መመሪያውን አንብብ» አለችኝ። እውነቷን ነው። በአውሮፓ ከ2015 ጀምሮ ለሽያጭ የሚቀርብ የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን መጨረሻ ቡና ከወረደበት ደቂቃ አንሥቶ ከ30 ደቂቃ ሳያልፍ ራሱን እንዲያጠፋ በሕግ ተደንግጓል፤ ብዙ አምራቾችም ያንኑ ሌላ አገር በሚሸጡት ላይ ያስገቡታል። ማሽናችሁ ቆማ ቆማ፣ ማንም ሳይነካት የምትጠፋ ከሆነ ሌላ ነገር ሳትነኩ ይህንን እዩ። የእኛዋ ግን ቡና እያወረደች ነው የምትጠፋው። ያ ሰዓት ቆጣሪ እንዲህ አያደርግም።

ከፍታውንም ጠርጥሬ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነው፤ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ማሽኗ የምታሞቀው ግን ውሃ በ100 ለሚፈላበት አገር ተብሎ ነው። ለዚህ ነው ቡና ሳይደረግባት ውሃ ስትለቅ ብልጭ እያለች፣ ግማሹን እንፋሎት አድርጋ የምትተፋው። ይህ ግን መትፋቱን እንጂ መጥፋቷን አላስረዳኝም።

ከዚያ ኖራው። የእኛ ሰፈር ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው፤ ውሃ ማፍያችን ታቹ ነጭ ነው። ኖራ ውሃው የሚሞቅበትን የቦይለሩን ግድግዳ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ማሞቂያው ሙቀቱን ለውሃው ማስረከብ ሲያቅተው ራሱ ይግላል፣ ከልክ በላይ እንዳይግል የሚጠብቀው ክፍልም መብራቱን ይቆርጥበታል። የምር ጥርጣሬ ይህ ነበር። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 20 ግራም ገደማ ሲትሪክ አሲድ በጥብጬ፣ ግማሹን አሳልፌ፣ 20 ደቂቃ አቁሜ፣ ቀሪውን አሳልፌ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሁለቴ አጠብኳት። እንደ እንቁላል ቅርፊት ፍርፋሪ ያለ ነጭ ነገር ወጣ። ኅዳር 14 ማታ ነበር።

በማግስቱ የነቢያት ጾም ገባ። ማሽኗም ዳነች። ከ40 ቀን በላይ፣ ጠዋትና ማታ፣ አንድም ቀን ሳትጠፋ ጥቁር ቡና አወረደች። እማዬ አቦል ትላለች፣ ቶና ትላለች፤ እኔ አወርዳለሁ። ለእህቴ ደውዬ «ኖራ ነበር፣ አጠብኩት» አልኳት። ያገኘሁት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 29፣ ገና። ቤቱ ሰው ሞልቶታል፣ ዶሮው ተበልቷል፣ ወተት ተፈቅዷል። ሦስተኛው ማኪያቶ ላይ ጠፋች።

አጎንብሼ የውሃ መያዣዋን እያወጣሁ ሳለ እማዬ ከኋላዬ መጣች። «አሁንም ያው ሽታ ነው» አለችኝ። እኔም ቀና ሳልል «ወጡ አርሮ ይሆናላ» አልኳት። ዝም አለች። የእማዬ ወጥ አርሮ አያውቅም።

ዳይሬክት

በሳምንቱ ማሽኗን ተሸክሜ መገናኛ አካባቢ ወዳለች አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ እጁ ፈጣን፣ ነገሩን የሚያውቅ ነው። በካቻቢቴ አራት ብሎን ፈትቶ ክዳኗን አነሣውና መጀመሪያ ጊዜ ሆዷን አየሁት። ቡጢ የሚያህል ቦይለር አለ። በላዩ ላይ ሳንቲም የሚያካክሉ ሙቀት የሚቆጣጠሩ ሁለት ቴርሞስታቶች ተጣብቀዋል፤ አንዱ ለቡና 100 ዲግሪ አካባቢ የሚይዝ፣ ሌላው ለእንፋሎት እስከ 140 ገደማ የሚያደርስ። ከነሱ አጠገብ ነጭ የመስታወት ክር ሽፋን የለበሰች፣ ከክብሪት እንጨት እምብዛም የማትወፍር አንዲት ነገር ተኝታለች።

ልጁ ማሽኗን ከራሱ ትራንስፎርመር ጋር አገናኛት። የሱ ትልቅ ነው፤ ሽፋን የለውም፣ ብረቱና የመዳብ ጥቅሉ ተገልጦ መሬት ላይ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ተቀምጧል። አምስት ጊዜ አወረደ፤ አምስት ጊዜ እንፋሎት አወጣ። አልጠፋችም። ሳቅ ብሎ «እንዲህ ናቸው፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሕመሙ ይጠፋል» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅኩ። መልሱ ሁለታችንም እግር ሥር ተቀምጦ ነበር፤ አላየነውም።

ከዚያ ያቺን ነጭ ነገር በካቻቢቴው ጫፍ ነካ አደረጋት። «ይቺ ናት የምታስቸግርህ። እሷን አውጥቼ ሽቦውን ዳይሬክት ላድርግልህ፤ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚህ በኋላ አትጠፋም።»

«እሺ» ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። ሁለት በዓል አሳፍራናለች፣ ከሥራ አስፈቅጄ ነው የመጣሁት፣ ደክሞኛል። ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ «ግን ይቺ ሥራዋ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሙቀት ካለልክ ሲሄድ ትቆርጣለች። እሳት እንዳይነሣ።»

«እና ከተነሣች?»

«አትጠፋማ።»

ልጁ እያታለለኝ አልነበረም። ይህንን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። እሱ የመለሰልኝ እኔ የጠየቅኩትን ነው። ሱቁ ስገባ «እንዳትጠፋ አድርግልኝ» አልኩት፤ «ለምን ትጠፋለች?» አላልኩም። ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያመጣለት ጥያቄ እንዲህ ያለ ይመስለኛል፤ ዕቃው እንዲሠራለት ይፈልጋል፣ ዛሬውኑ ይፈልጋል፣ በርካሽ ይፈልጋል። ዳይሬክት የዚህ ሁሉ መልስ ነው። እኛም ቤት ቢሆን፣ ቆጣሪው ጋ ያለው ፊውዝ ሲቃጠል የሽቦ ክር ጠምጥመንበት መብራት መጣ ብለን ተደስተን ያደርንበት ጊዜ አለ። ያን ሌሊት ግድግዳው ውስጥ ያለው ገመድ ምን ያህል ይግል እንደነበር ማንም አልጠየቀም። መብራቱ በርቷል፤ በቃ።

እዚያ ቆሜ የታየኝ ቤታችን ነው። እኔ ሥራ እውላለሁ። እማዬ ቀኑን ብቻዋን ናት፤ ማሽኗን ራሷ ማብራት ለምዳለች፤ ታበራና ሶፋው ላይ ጋደም ትላለች፤ እንቅልፍ ይወስዳታል። ቴርሞስታቱ ተጣብቆ አልቆርጥም ያለ ዕለት በእሷና በእሳት መካከል የምትቆመው ያቺ የክብሪት እንጨት የምታክል ነገር ናት። እሷን ነው በገንዘቤ አስወጥቼ ልሄድ የነበረው። ከጭስ ላድናት ብዬ ባመጣሁት ዕቃ።

«ለዛሬ ዝጋልኝ፤ እንደነበረች ትሁን» አልኩት። የደከመበትን ከፈልኩ። ትከሻውን ነቀነቀ እንጂ አልተቀየመም።

ሚኒባስ ውስጥ ማሽኗን ጭኔ ላይ አድርጌ ስመለስ ነው ሌላው ነገር የመጣልኝ። ያቺ ነጭ ፊውዝ አንዴ ከተቆረጠች ተቆርጣ የምትቀር ናት፤ ካልተለወጠች አትመለስም። የእኛዋ ማሽን ግን ግማሽ ሰዓት ጠብቃ ሁልጊዜ ትመለሳለች። እንግዲያው የሚቆርጣት እሷ ልትሆን አትችልም። የሚቆርጣት ሲግል የሚከፍት፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ የሚዘጋ ሌላ ነገር ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ቅጠሉን ስቆርጥ ነበር።

አምፖሉ

ማታ እራት ላይ ለእማዬ ነገርኳት። ልጁ ያለውን፣ እኔ ያልኩትን፣ የፊውዟን ነገር። ጨርሼ ዝም ስል እንጀራውን ከእጇ አስቀመጠች።

«እኔ እኮ ስንቴ ነገርኩህ። ከታች ነው የሚሸተው።»

ተነሥታ ሄደች። ጎንበስ ብላ የጥልፍ ጨርቋን ከሳጥኑ ላይ ገፈፈችው። «ከማሽኗ ቢሆን ቡና ቡና ይላል። ይሄ እንደ አዲስ ቀለም፣ እንደተተኮሰ ነገር ነው የሚለው። ሦስት ሲኒ ሲደርስ ነው የሚመጣው። ጾሙን ሙሉ አልሸተተኝም።»

ይህንን ሁሉ ታውቅ ነበር። ስንተኛው ሲኒ ላይ እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ እንደቀረ። ጀበና ሲገነፍል ከጓዳ ሆና የምትሰማ ሴት ናት፤ ከማሽኗ አጠገብ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠውም እሷ ናት። እኔ ባሕር ማዶ ያለች እህቴን ጠየቅኩ፣ ጠጋኝ ጠየቅኩ፣ ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች ማሽን ሲፈቱ አየሁ። እማዬን አልጠየቅኩም። ሳልጠይቃት ስትነግረኝም ሁለት ጊዜ ሌላ ምክንያት ሰጠኋት፤ አንዴ የከተማውን ጭስ፣ አንዴ የራሷን ወጥ። «ይቅርታ እማዬ» ስላት «ምን ይቅርታ አለው፣ ይልቅ እየው» ነው ያለችኝ።

እንየው አልን። ከድሮ ዕቃ ሳጥን የራስጌ መብራት አወጣሁ፤ ዛሬ እንደልብ የማይገኝ የ60 ዋት ባለ ክር አምፖል አለበት። ትራንስፎርመሩ ሁለት መሰኪያ አለው፤ በአንዱ ማሽኗን፣ በሌላው መብራቱን ሰካሁ። አምፖሉ ለ220 የተሠራ ነው፣ የሚያገኘው ግን 110 ስለሆነ አይደምቅም፤ አመድ እንደጀመረው ፍም ቀላ ብሎ ይበራል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ማሽኗ ስትጠፋ አምፖሉ ከበራ ጥፋቱ ከማሽኗ ነው። አብረው ከጠፉ ግን ማሽኗን መፍታቱ ከንቱ ነበር።

የሳሎኑን መብራት አጠፋን። እማዬ ወንበሯን ስባ አምፖሉ ፊት ተቀመጠች። አንደኛው ሲኒ፤ ወተት። ማሞቂያው በገባ ቁጥር ፍሙ ደብዘዝ ይላል፤ ቴርሞስታቱ ሲቆርጥ መልሶ ፈካ ይላል። ሁለተኛው ሲኒ፤ ወተት። «መጣ» አለች እማዬ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ። እኔም አሸተትኩ። ቫርኒሽ ነው። እንዴት እንዳልሸተተኝ እስካሁን አይገባኝም። ሳጥኑን በመዳፌ ነካሁት፤ ሦስት እስክቆጥር አላስቀመጠኝም። ሦስተኛው ሲኒ ላይ ፓምፑ ሲጮህ ቆይቶ ቀጥ አለ፤ በዚያችው ቅጽበት ፍሙ ጠፋ። ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን።

አልተነሣንም። ሃያ ሦስት ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ ማሽኗን ማንም ሳይነካት አምፖሉ ብቻውን ቀላ አለ።

ሆዱ ውስጥ የነበረው

ትራንስፎርመር ውስጥ ያለው የመዳብ ጥቅል በቫርኒሽ የተሸፈነ ነው፤ ሲግል የሚሸተው እሱ ነው። ጥቅሉ ውስጥ ደግሞ ሙቀት ሲበዛ የሚከፍት፣ ሲበርድ የሚዘጋ ጠባቂ ተቀብሯል። የሚያጠፋን እሱ ነበር። ከፊት ለፊት ትንሽ ቀይ መብራት አለችው፤ ከማሽኗ ጋር አብራ ትጠፋ ነበር ማለት ነው። በጨርቁ ምክንያት አንድም ቀን አላየኋትም።

2000 ዋት የሚለውንም አሁን ነው ያነበብኩት ማለት እችላለሁ። በእነዚህ ሳጥኖች ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለአፍታ የሚችሉት እንጂ ተሸክመውት የሚውሉት አይደለም፤ ለሚያሞቅ ዕቃ፣ ለካውያም ሆነ ለምድጃ፣ የዕቃውን ዋት እጥፍ የሚጠጋ መግዛት ነው የሚመከረው። ለ120 የተሠራ ማሞቂያ 110 ሲሰጠው ደግሞ ጉልበቱ ወደ 84 በመቶ ይወርዳል፤ 1250ው 1050 ገደማ ይሆናል። ማታ መብራቱ 200 ሲወርድ ከዚያም ያንሳል። ለሳጥኑ ቀለል ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ማሽኗ የፈለገችው ሙቀት ላይ ለመድረስ ረዘም ላለ ጊዜ ትስባለች፣ ሳጥኑም የሚያርፍበት ጊዜ ያጣል። በላዩ ላይ ጨርቅ፣ ከኋላው ግድግዳ።

ጾሙም በዚህ ተፈታ። ወተት የለም፣ ስለዚህ እንፋሎት የለም። ማሞቂያው ለቡና ብቻ ሲሠራ እየገባ እየወጣ፣ ሳጥኑም እየቀዘቀዘ ይቆያል። ለእንፋሎት ግን ከ100 ወደ 140 ለመውጣት ያለማቋረጥ ይስባል። ስለዚህ ያዳናት ሲትሪክ አሲዱ አልነበረም። ማጠቡ ግን አልጎዳትም፤ አሁንም በየሁለት ወሩ አጥባታለሁ።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ፤ እሱም አይፈታም። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። የፓምፗ ፒስተን የሚመታው በመብራቱ ምት ልክ ነው፤ በሴኮንድ 60 ጊዜ እንዲመታ የተሠራው እዚህ 50 ጊዜ ይመታል፣ ውሃውም ቀነስ ብሎ ይሄዳል። ቡናውን ትንሽ ሻከር አድርጌ በማስፈጨት ተላምደናል። ከአሜሪካ ማሽን ልታስመጡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔን ብትጠይቁኝ እዚሁ ለ220 የተሠራውን ፈልጉ እላለሁ። የእህቴን ሻንጣ ግን መልሼ አልልክም።

3000 ዋት የሚል፣ በክብደቱም የሚለይ ትራንስፎርመር ገዛሁ። ፍሪጁን ከዲቫይደሩ ለየሁት፤ ሳጥኑን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ሰክቼ፣ ከሥሩ ሁለት ጣውላ አስገብቼ፣ አየር እንዲያገኝ ከግድግዳው አራቅኩት። ጨርቁን እማዬ አጥባ ቴሌቪዥኑ ላይ አለበሰችው፤ እሱንም አንሥቼ ወንበሩ ላይ አደረግኩት። መገናኛ ባለፍኩ ጊዜ ወደ ልጁ ሱቅ ጎራ ብዬ የሆነውን ነገርኩት። አዳመጠኝና የራሱን ሳጥን መሬት ላይ ቁልቁል አየው። «ከዛሬ ጀምሮ ትራንስፎርመሩንም አምጡ ነው የምላቸው» አለኝ።

ጥር 12

ቃና ዘገሊላ ነው፤ የሚካኤል ታቦትም ወደ መንበሩ የሚመለስበት ቀን። ሰኞ ነበር፤ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ታቦቱን ሸኝተው የመጡት ሴቶች እግራቸውን አቧራ እንደያዘው ገቡና ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ስምንት ነበሩ። ሽማግሌዋ ጎረቤታችን «ዛሬስ ትጠፋለች ወይስ አትጠፋም?» ብለው ጠየቁ፤ እማዬ «ጠይቋት» ብላ ወደ አምፖሉ አመለከተች።

አምፖሉን አልነቀልነውም። ላነሣው ስል እማዬ ከለከለችኝ። ወንበሯ አሁን ከሱ ፊት ለፊት ነው፤ ጀበና ጥዳ ፍሙን የምትጠብቅ ይመስል እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታየዋለች። እኔ ማሽኗ ላይ ያለችውን ትንሽ አረንጓዴ መብራት ማየት ትቻለሁ። ሦስተኛው ሲኒ አለፈ። አራተኛው አለፈ። አምስተኛው ላይ የወተቱን ማሰሮ ከእንፋሎቱ ቧንቧ ሥር ልይዝ እጄን ስዘረጋ እማዬ «ቆይ» አለችኝ።

አምፖሉ ደብዝዟል። ሴቶቹም ወሬያቸውን አቁመው አዩት። ጥቂት ቆይቶ ቀስ ብሎ ፈካ።

«በራች። አሁን አድርግ።»